የሚቀብር ብዙ፣ የሚያወጣ ጥቂት፦ የእርግዝና መከላከያ ለማን ይደርሳል?

በሐምሌ 2025 የአሜሪካ መንግሥት ቤልጅየም ውስጥ ኼል በምትባል ከተማ መጋዘን ተከማችቶ የነበረ 9.7 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የእርግዝና መከላከያ እንዲቃጠል መወሰኑ ተሰማ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። የብዙዎቹ ዕቃዎች የአገልግሎት ጊዜ ለማለቅ ገና ዓመታት ይቀሩት ነበር። ዜናው በአማርኛ መገናኛ ብዙኃንና ማኅበራዊ ገጾች ላይ ሁለት ተቃራኒ ስሜቶችን ቀሰቀሰ። አንደኛው ወገን «ሕዝባችንን ለመቀነስ የታቀደው ሴራ ከሸፈ» ሲል፣ ሌላኛው «የእናቶቻችን መድኃኒት ተቃጠለ» አለ።

ሁለቱም ከጉዳዩ ጥቂት ፈቀቅ ብለዋል። ዓለም አቀፉ የታቀደ ወላጅነት ፌዴሬሽን እንዳስታወቀው ከክምችቱ 77 በመቶ የሚሆነው የተመደበው ለኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ፣ ለኬንያ፣ ለታንዛኒያ፣ ለዛምቢያና ለማሊ ነበር። ኢትዮጵያ ከአምስቱ አንዷ አይደለችም። ይህ ማለት ግን ጉዳዩ አይነካትም ማለት አይደለም። የሚነካት ከመጋዘኑ ይልቅ መጋዘኑን ይሞላ በነበረው ሥርዓት በኩል ነው፤ የሥርዓቱ ጥንካሬም ድክመትም ከዚህ ውሳኔ ብዙ ዓመት ቀድሞ የተሠራ ነው።

ቃላቱን ለመለየት

ውሳኔውን ያብራሩት የአሜሪካ ባለሥልጣናት ዕቃዎቹን «ጽንስ የሚያስወርዱ» ብለው ጠርተዋቸዋል። ስያሜው የተሳሳተ ነው። የእርግዝና መከላከያ፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ እርግዝና ከመፈጠሩ በፊት የሚሠራ ነው። እንክብሉ፣ የሦስት ወር መርፌውና በክንድ የሚቀበረው ዘንግ በሆርሞን አማካይነት የዕንቁላል መውጣትን ያግዳሉ ወይም የማኅፀን አንገትን ፈሳሽ አወፍረው የወንዱን ዘር መንገድ ይዘጋሉ። በማኅፀን የሚቀመጠው ሉፕ በመዳብ አማካይነት የወንዱን ዘር ያዳክማል። ድንገተኛ መከላከያ የሚባለው እንክብል እንኳ ዕንቁላሉ እንዲዘገይ ያደርጋል እንጂ የተፈጠረን እርግዝና አያቋርጥም። በአገራችንም መከላከያንና ማስወረድን በአንድ ከረጢት ከትቶ መነጋገር የተለመደ በመሆኑ ልዩነቱን መድገም ብክነት አይደለም።

«ፍትሐዊ ተደራሽነት» የሚለው አገላለጽም መፍታት ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ወረዳ እኩል ካርቶን ማደል እኩልነት ሊባል ይችላል፤ ፍትሐዊነት ግን ገና አልሆነም። ከጤና ኬላ ግማሽ ቀን የምትርቅ አርብቶ አደር፣ ያላገባች የኮሌጅ ተማሪና አምስት ልጅ የወለደች የከተማ ነጋዴ ለአንድ ዓይነት አገልግሎት የሚከፍሉት ዋጋ የተለያየ ነው። ዋጋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ መንገድ፣ ኀፍረት፣ የባል ቁጣ፣ የጎረቤት ዓይን አለበት። ከዚህም በላይ ፍትሐዊነት ሁለት በር ያለው ቤት ነው። የምትፈልግ ሴት መግባት መቻል አለባት፤ የማትፈልግ ወይም የበቃት ደግሞ ሳትጠየቅ መውጣት መቻል አለባት። የፖሊሲ ሰነዶች ስለ መግቢያው ብዙ ይላሉ።

ቁጥር የሚናገር ፖሊሲ፣ መብት የሚናገር ሕገ መንግሥት

ጥርጣሬው ከየት መጣ? «የሕዝብ ቁጥር መቀነሻ» የሚለው ወቀሳ ሁልጊዜ ከባዶ የሚነሳ አይደለም። በ1993 የወጣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ግቡን ያስቀመጠው በቁጥር ነበር። አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸውን ልጆች ከ7.7 ወደ 4 ዝቅ ማድረግ፣ የመከላከያ ተጠቃሚነትን ከ4 ወደ 44 በመቶ ማሳደግ፣ ሁለቱንም እስከ 2015። ሰነዱ የሚጨነቀው ስለ እርሻ መሬት፣ ስለ ኢኮኖሚና ስለ ሕዝብ ብዛት ሚዛን ነው፤ ሴቲቱ የምትታየው የዚህ ሒሳብ አካል ሆና ነው።

በዓመቱ፣ በ1994፣ የካይሮው ዓለም አቀፍ የሥነ ሕዝብና ልማት ጉባኤ አቅጣጫውን ቀየረ። ትኩረቱ ከሕዝብ ብዛት ወደ ሴቲቱ ጤናና ምርጫ ዞረ። በ1995 በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ከሚደርስ ጉዳት ለመጠበቅ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ደነገገ። በሁለት ዓመት ልዩነት የወጡ ሁለት ሰነዶች፣ ሁለት የተለያዩ ቋንቋዎች። ከዚያ ወዲህ በስብሰባ አዳራሽ የሚነገረው የሕገ መንግሥቱ ቋንቋ ነው፤ በሪፖርት ቅጽ ላይ የሚሞላው ግን አሁንም የፖሊሲው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ በዚህ ክፍተት ላይ ያርፋል።

ከ6 ወደ 41 በመቶ

የተገኘውን ውጤት ማሳነስ ግን አይገባም። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት በ2000 ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች 6 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2005 ቁጥሩ 14፣ በ2011 27፣ በ2016 35፣ በ2019 ደግሞ 41 በመቶ ደረሰ። ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች እንዲህ ያለ ፈጣን ለውጥ ያሳዩት ጥቂቶች ናቸው።

ለውጡን ያመጣው በዋናነት አንድ ተቋማዊ ፈጠራ ነው። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ትምህርታቸውን የተከታተሉ ወጣት ሴቶችን ለአንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ ደመወዝ ቆርጦ፣ በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሁለት አድርጎ መደበ። ከከተማ ነርስ ይልቅ ቋንቋዋንና ቤተሰቧን የምታውቅ ሴት መርፌውን ይዛ ደጅ ድረስ መጣች። ከ2009 ጀምሮ እነዚሁ ባለሙያዎች ለሦስት ዓመት የሚያገለግለውን ኢምፕላኖን የተባለ ዘንግ በክንድ መቅበር እንዲችሉ ሠለጠኑ።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙም አይነገርለትም፤ የገበያ ስምምነት ነው። በ2013 ለጋሾች ለአምራች ኩባንያዎች «ይህን ያህል መጠን እንደሚገዛ ዋስትና እንሰጣለን፣ እናንተ ዋጋ ቀንሱ» አሏቸው። ለአምስት ዓመት የሚያገለግለው ጃዴል የተባለ ዘንግ በዚህ መንገድ ከ18 ዶላር ወደ 8.50 ዶላር ወረደ፤ ኢምፕላኖንም ተከተለ። እስከዚያ ድረስ ለድሃ አገር ቅንጦት የነበረው ዘንግ የገጠር ጤና ኬላ ዕቃ ሆነ።

አማካይ የሚሸፍነው

የ2016ቱ ጥናት በክልል ሲዘረዘር አንድ አገር መሆኑን ያጠራጥራል። በአዲስ አበባ ከባለትዳር ሴቶች ግማሽ ያህሉ ዘመናዊ መከላከያ ሲጠቀሙ፣ በአማራ ክልል 47 በመቶ፣ በሶማሌ ክልል ግን ከ2 በመቶ በታች ነበሩ። በዚያው ጥናት የአዲስ አበባ ሴት በአማካይ 1.8 ልጅ፣ የሶማሌ ክልል ሴት 7.2 ልጅ ትወልዳለች።

ይህን ልዩነት እንዴት እናንብበው? አንደኛው አተያይ አገልግሎቱ አልደረሰም ይላል። ጤና ኬላ የተነደፈው በአንድ ቦታ ለሰፈረ ገበሬ እንጂ ውኃና ግጦሽ ተከትሎ ለሚንቀሳቀስ ቤተሰብ አይደለም፤ ከደጋው የተቀዳ ሞዴል ቆላ ላይ አልሠራም። ሁለተኛው አተያይ ፍላጎቱም የተለየ ነው ይላል። ብዙ ልጅ የሚፈለግበት፣ ልጅ የጉልበትም የክብርም መሠረት የሆነበት ኅብረተሰብ ዝቅተኛ ቁጥር ማሳየቱ በራሱ በደል አይደለም። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል ደጋ ላይም ቢሆን ገና አልሞተም።

በእኔ ግምት ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ተጨባጭ ትርጉም ያለው ጥያቄ ግን «ስንት ሴቶች ይጠቀማሉ?» የሚለው ሳይሆን «የምትፈልገው ሴት ማግኘት ትችላለች?» የሚለው ነው። በሶማሌና በአፋር ብዙ የሃይማኖት አባቶች «መገደብን» ቢቃወሙም «ማራራቅን» አይቃወሙም። ቁርኣን እናት ልጇን ሁለት ሙሉ ዓመት እንድታጠባ መጥቀሱ አራርቆ ለመውለድ ሃይማኖታዊ መሠረት ተደርጎ ይወሰዳል። «ጥቂት ልጅ ውለዱ» እያለ የሚመጣ ባለሙያ በሩ ሲዘጋበት፣ «እናትየው ታገግም፣ ሕፃኑ ይጥባ» የሚለው ሊደመጥ ይችላል። ያንኑ አገልግሎት በሁለት ቋንቋ ማቅረብ ማለት ነው፤ አንዱ የ1993ቱ ሰነድ ቋንቋ ነው።

አማካዩ የሚሸፍናቸው ሌሎችም አሉ። ከላይ የጠቀስናቸው መቶኛዎች ሁሉ የባለትዳር ሴቶች ናቸው። ያላገቡና የግብረ ሥጋ ግንኙነት ያላቸው ሴቶች በ2016ቱ ጥናት 58 በመቶ ያህሉ አንድ ዓይነት መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ ከባለትዳሮች በእጅጉ ይበልጣል። ነገር ግን አገልግሎቱ ሲታቀድ በሐሳብ ያለችው የቤት እመቤት ናት። ወጣቷ ጤና ጣቢያ ገብታ የአክስቷን ጎረቤት ከምታገኝ፣ ከፋርማሲ ድንገተኛ መከላከያ ገዝታ መውጣትን ትመርጣለች። ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ደግሞ ጥያቄው ከዚህም የከፋ ነው። በትግራይ ጦርነት ጊዜ አብዛኛው የጤና ተቋም ተዘርፎ ወይም ወድሞ ነበር፤ ድንገተኛ መከላከያ ከወሲባዊ ጥቃት በኋላ ቢበዛ በ5 ቀን ውስጥ ካልደረሰ ዋጋ የለውም።

መውጫው በር

አሁን ወደ ርእሱ እንመለስ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ዘንጉን መቅበር ስትሠለጥን፣ ማውጣቱ በመጀመሪያው ንድፍ ለጤና ጣቢያ ባለሙያ ተተወ። ለዚህ የሙያ ምክንያት አለው፤ ጠልቆ የተቀበረን ዘንግ ማውጣት ማደንዘዣ፣ ስለትና ልምድ ይጠይቃል። ውጤቱ ግን ቀላል አይደለም። ሴቲቱ ዘንጉን የምታገኘው ከደጇ ነው፤ ለማስወጣት ግን ሰዓታት ትጓዛለች፤ ደርሳም ባለሙያው ሥልጠና ላይ ነው ወይም «ገና ጊዜው አላለቀም፣ ታገሺው» ልትባል ትችላለች። ክፍተቱን ለመሙላት ተጨማሪ ሥልጠናዎች ቢሰጡም፣ የሚቀብረውና የሚያወጣው እጅ ብዛት እስካሁን አልተመጣጠነም።

ለምን? ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሪፖርት የሚደረገው «አዲስ ተጠቃሚ» ነው። አንድ ወረዳ ባስወጣላቸው ሴቶች ብዛት አይመሰገንም፤ እንዲያውም ማስወጣት በቁጥሩ ላይ ኪሳራ ሆኖ ይታያል። ሴቲቱ በሯን ዘግታ ስትወጣ በዕቅድ አፈጻጸሙ ላይ ቀዳዳ ትተዋለች።

ማስወጣት የሚፈልጉት ደግሞ ጥቂቶች አይደሉም። በ2016ቱ ጥናት መከላከያ ከጀመሩት ከሦስት አንዱ በላይ በዓመቱ ውስጥ አቋርጠዋል። ማርገዝ መፈለግ አንዱ ምክንያት ሲሆን የጎንዮሽ ጉዳት ሌላው ነው። መርፌውና ዘንጉ የወር አበባን ያዛባሉ፤ አንዳንዷ ጭራሽ ይቀርባታል፣ አንዳንዷ ለሳምንታት ይፈሳታል። በሕክምና መጽሐፍ «አደገኛ ያልሆነ» ተብሎ የሚታለፈው ይህ ምልክት በኢትዮጵያ ምድር ሌላ ክብደት አለው። ደም የሚፈሳት ኦርቶዶክሳዊት ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ሙስሊሟ አትሰግድም። የቅዳሴና የሶላት ሕይወቷን ሳምንታት ለሚነጥቃት ነገር «ይለመዳል፣ ጠብቂ» የሚል ምክር በቂ አይደለም። ይህን አስቀድሞ የነገራት ባለሙያ ካለ ትዘጋጃለች ወይም ሉፕን ትመርጣለች። ካልነገራት ደግሞ ወሬው ከእሷ ወደ ጎረቤቷ ይሄዳል።

«መሃን ያደርጋል» የሚለው ሥጋትም በእንዲሁ ዓይነት ቀዳዳ ይገባል። የሦስት ወር መርፌ ያቋረጠች ሴት ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ 10 ወር ያህል ሊወስድባት ይችላል። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ነው፤ መሃንነት አይደለም። ነገር ግን ይህ ያልተነገራት ሴትና አማቷ በስድስተኛው ወር ምን እንደሚደመድሙ መገመት አያዳግትም። አብዛኛው አሉባልታ ያልተሰጠ መረጃ የተወው ባዶ ቦታ ነው።

መረጃ ሲጎድል ነገሩ እስከምን ሊደርስ እንደሚችል የቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ያሳያል። በ2012 መጨረሻ በእስራኤል የተላለፈ የቴሌቪዥን ዘገባ ከኢትዮጵያ የሄዱ ሴቶች፣ አንዳንዶቹ ገና ለጉዞ በሚጠባበቁበት ካምፕ ሳሉ፣ ስለ መርፌው ምንነት በቂ ማብራሪያ ሳይሰጣቸው እንደተወጉ መናገራቸውን አቀረበ። በጥር 2013 የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ለጤና ተቋማት በጻፉት ደብዳቤ፣ ሕክምናው ምን እንደሚያስከትል ላልተረዱ የኢትዮጵያ ተወላጆችም ሆነ ሌሎች ሴቶች ማዘዣው እንዳይታደስ አዘዙ። በ2016 የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መርፌው በግዳጅ ስለመሰጠቱ ማስረጃ አለማግኘቱን አስታወቀ። «አስገድደውኛል» የሚለው አልተረጋገጠም፤ «አልገባኝም ነበር» የሚለውን ግን ደብዳቤው ራሱ በቁም ነገር ወስዶታል። በግዳጅና በነጻ ምርጫ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ፤ አብዛኛው የጤና አገልግሎት የሚሰጠው እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

ገንዘቡ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ጤና ተቋማት የእርግዝና መከላከያ ያለ ክፍያ ከሚሰጡ አገልግሎቶች አንዱ ነው። ነጻ የሆነው ግን ለተጠቃሚዋ ነው፤ አንድ ሰው ይከፍላል። ለረጅም ጊዜ ከፋዮቹ በአብዛኛው የውጭ ለጋሾችና የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ ነበሩ። የሥነ ተዋልዶ ጤናን የሚያጠናው የአሜሪካ ተቋም ጉትማኸር ኢንስቲትዩት እንደሚለው አሜሪካ በ2024 የበጀት ዓመት ለዓለም አቀፍ የቤተሰብ ምጣኔ 607.5 ሚሊዮን ዶላር መድባ ነበር፤ ይህም ለጋሽ መንግሥታት ከሚሰጡት 40 በመቶ ያህሉ ነው። በጥር 2025 ዕርዳታው ታገደ፤ በሐምሌ 1 የአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ሥራውን አቆመ።

ለኢትዮጵያ ሁለተኛ ጫና ተደርቦበታል። መከላከያዎቹ ከውጭ የሚገቡት በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2024 ወዲህ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰናል፤ የብር ዋጋም በእጅጉ ወርዷል። መንግሥት በብር የሚመድበው ተመሳሳይ በጀት የሚገዛው ዕቃ አንሷል።

እጥረቱ ቢመጣ በመጀመሪያ የሚያገኘው ማንን ነው? መልሱ በዓይነቶቹ ስብጥር ውስጥ አለ። በ2019 ከነበሩት 41 በመቶ ተጠቃሚዎች 27ቱ በመርፌ ላይ ነበሩ፤ ከሦስት ተጠቃሚ ሁለቷ ማለት ነው። ዘንግ የተቀበረላት ሴት የመጋዘን መዘግየት ለዓመታት አይሰማትም። መርፌ የምትወስደዋ ግን በዓመት አራት ጊዜ ዕቃው በሰዓቱ ጤና ኬላ መገኘት አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚታገሰው መዘግየት እስከ 4 ሳምንት ነው። ስለዚህ የሁለት ወር የአቅርቦት መቋረጥ ብሔራዊ አማካዩን ላያናውጥ ይችላል፤ የመንገዱ ጫፍ ላይ ያለችውን ሴት ግን ያስረግዛል።

ይህ ሥጋት አንዳንዶችን «እንግዲያው ሁሉንም ወደ ዘንግ እናዙር» ወደሚል መፍትሔ ይመራቸዋል። በሎጂስቲክስ ዓይን ትክክል ነው። መውጫው በር ሳይሰፋ ከተደረገ ግን የመጋዘኑን ችግር ወደ ሴቲቱ ክንድ ማዛወር ይሆናል።

ምርምሩ ምን ጠየቀ?

ምርምር ፖሊሲን የሚያርመው ትክክለኛውን ጥያቄ ሲጠይቅ ነው። ለዓመታት መርፌው ለኤችአይቪ ያጋልጣል የሚል ሥጋት ነበር። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያ፣ በኢስዋቲኒና በዛምቢያ 7,829 ሴቶች የተሳተፉበትና በ2019 የታተመ ጥናት በመርፌው፣ በዘንጉና በሉፕ መካከል ጉልህ የተጋላጭነት ልዩነት አላገኘም። በ2024 ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች መርፌውን ከአንድ ዓመት በላይ መጠቀም ሜኒንጂዮማ ከሚባለው የአንጎል ሽፋን ዕጢ ጋር ተያይዞ ሥጋቱን በ5.6 እጥፍ ከፍ እንደሚያደርግ አሳዩ። ዕጢው እጅግ ብርቅ በመሆኑ አምስት እጥፍም ቢሆን ትንሽ ቁጥር ነው፤ በሌላ በኩል ከሦስት ተጠቃሚ ሁለቷ በመርፌ ላይ ባለችበት አገር ግኝቱን ለሴቶቹ አለመንገር አይቻልም።

በማላዊ የተደረገ አንድ ሙከራ በተለይ ለቆላው ያስተምራል። ከቆዳ ሥር የሚሰጠውን ቀለል ያለ መርፌ ራሳቸው ከወጉት ሴቶች 73 በመቶ ዓመቱን ሙሉ ሲቀጥሉ፣ በባለሙያ ከተወጉት የቀጠሉት 45 በመቶ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ራስን መውጋትን ከ2019 ጀምሮ ይመክራል። ቀጣዮቹን መርፌዎች በከረጢቷ ይዛ የምትንቀሳቀስ አርብቶ አደር ርቀቱንም፣ የባለሙያ እጥረቱንም፣ የጎረቤት ዓይንንም በአንድ ጊዜ ትቀንሳለች። ያገለገለ መርፌ የት ይጣላል የሚለው ጥያቄ ግን ክፍት ነው፤ አቅልሎ ማለፍ አይገባም።

የመለኪያው ጉዳይም አለ። «ያልተሟላ ፍላጎት» የሚባለው መለኪያ መውለድ ማቆም ወይም ማዘግየት እየፈለጉ መከላከያ የማይጠቀሙትን ይቆጥራል፤ በ2016 በኢትዮጵያ 22 በመቶ ነበር። ከነዚህ ውስጥ ግን መከላከያውን ራሱን የማይፈልጉ አሉ፤ ሞክረው የተዉ፣ የፈሩ፣ በእምነት ያልተቀበሉ። መለኪያው ሁሉንም «ገና ያልደረስንላቸው» ብሎ ይጽፋቸዋል። በተቃራኒው ዘንጉ ይውጣልኝ ብላ ያልወጣላት ሴት በዚሁ መዝገብ «ፍላጎቷ የተሟላ» ተጠቃሚ ናት።

ከዚህ በኋላ

የለጋሽ ገንዘብ ሲቀንስ የአገር ውስጥ በጀት ቀዳዳውን በከፊል ሊሞላ ይችላል፤ የሥነ ሕዝብ ፈንዱም አገሮች በራሳቸው ገንዘብ ሲገዙ ማበረታቻ የሚጨምርበት አሠራር አለው። የሚያሳስበው ግን የቅነሳው ቅደም ተከተል ነው። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀረው ዕቃው አይደለም፤ ሥልጠናው፣ ክትትሉ፣ የምክር ጊዜው፣ የዳሰሳ ጥናቱ ነው። ዕቃ ይቆጠራል፤ ምክር አይቆጠርም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር እንዳካሄደው ያለ ተከታታይ የዳሰሳ ጥናት ከተቋረጠም፣ የትኛው ክልል ወደ ኋላ እንደቀረ የሚታየው ዘግይቶ በወሊድ ሞት መዝገብ ላይ ይሆናል።

አንድ ርካሽ ነገር ግን ገንዘብ ሳይጠብቅ ሊደረግ ይችላል፤ በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ወርኃዊ ቅጽ ላይ ሁለት ዓምዶች መጨመር። አንዱ «ለማስወጣት ጠይቀው የመጡ»፣ ሌላው «በመጡበት ቀን የወጣላቸው»። በ2024 የተቀበረ ኢምፕላኖን የሦስት ዓመት ጊዜው በ2027 ያበቃል።